የአባቴ እፍኝ ወርቅና የአርብ ገበያ ሚዛን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ ከጥማዴ አንዱ በሬ ገደል ገብቶ ሞተ። ሰኔ ሳይገባ ሌላ ካልገዛሁ መሬቴን ለእኩል አራሽ መስጠቴ ነው። እኩል አራሽ በመጀመሪያው ዓመት "እሜቴ" ይላል፤ በሁለተኛው "አሮጊቷ"፤ በሦስተኛው መሬቱ የማን እንደ ነበረ ይረሳዋል። ስለዚህ አባቴ ሲያርስ ማረሻው ያወጣለትን አንድ እፍኝ ጥቃቅን የወርቅ ሳንቲም ከጎታ ሥር አውጥቼ፣ በአመድና በሎሚ ፈትጌ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አርብ ገበያ ወረድሁ። ሌላ አሳብ አልነበረኝም፤ አስቀልጬ በሬ መግዛት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከብት ተራ ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁ። አንድ ቀንበር ያላየ የሰባ ሰንጋ አለ። ከአጠገቡ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ጫንቃው በቀንበር የተላጠ በሬ ቆሟል። ሻጩ ለከሲታው አስበልጦ ጠራ። አልተከራከርሁትም።

ከዚያ ወደ ወርቅ ገዡ ወደ ሸህ አብዱልወሃብ ቤት ስሄድ አስማረን አገኘሁት። አስማረ የጎረቤቴ የዓለሚቱ ልጅ ነው፤ እስቴ ላይ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ለእናቱ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ነበር።

"እንዴት ከረሙ፣ እሜቴ ሐረገ ወይን? ወዴት ነው?"

"ወርቅ ላስቀልጥ።"

ካላየሁ ብሎ ደጃፉ ላይ አስቆመኝ። ቋጠሮውን ስፈታለት አንዱን አንሥቶ ወደ ፀሐይ አዞረው።

"እሜቴ፣ ይህ የጥንት የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ነው። ንጉሡን ያዩታል? ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ ከቦታል።"

"አይቼዋለሁ። የስንዴ ዛላ ለመለየት አስኳላ አያስገባም።"

"ዙሪያውን ያለው ጽሕፈት የጽርዕ፣ የግሪክ ማለት ነው፣ ቋንቋ ነው። ይህ ከቀለጠ አንድ የታሪክ ምስክር ጠፋ ማለት ነው።"

"ምስክርህ ያርሳል?"

ሳንቲሙን ገልብጦ አየና፣ "ማን ፈተጋቸው?" አለ።

"እኔ ነኛ። ቆሻሻ ይዤ ልምጣ?"

"ወርቅ ስለ ሆነ ብዙ አልተጎዳም፤ ግን ፍትጊያው መልኩን ጭሮታል። ነሐስ ወይም ብር ቢሆን ኖሮ ጽሕፈቱን አጥፍተውት ነበር።"

"አሁን ደግሞ ንጽሕና ወንጀል ሆነ" ብዬው ገባሁ። ተከትሎኝ ገባ። የተማረ ሰው ሲጀምር መተው አይችልም።

ሸህ አብዱልወሃብ ሚዛኑን አነሣ። በአንዱ ወገን ጠገራ ብር አስቀመጠ፤ የጠገራ ክብደት አንድ ወቄት ነውና። በሌላው የእኔን እፍኝ አፈሰሰ፤ ከዚያ በጠገራው ላይ ግማሽ ጨመረበት።

"ወቄት ተኩል ሙሉ፣ እመይቴ። ወርቁ ድብልቅ አለበት፤ ቢሆንም የአንድ በሬ ዋጋ ያወጣል።"

"ሸህ፣ እባክዎ ወናፉን አይንኩ" አለ አስማረ። "እኒህ እኮ ዋጋቸው ከወርቁ በላይ ነው።"

"ይሆናል። ለእኔ ግን ንጉሥ ይኑርበት ቅጠል ይኑርበት ያው ነው። የምገዛው በክብደት ነው።"

እዚህ ላይ ቆምሁ። ከብት ተራ ያየሁት መጣብኝ። ያንን ከሲታ በሬ በክብደት ልግዛህ ብለው ሻጩ ገበያተኛ ሰብስቦ ይስቅብኛል። የሚከፈለው ለሥጋው አይደለም፤ ትልም ለማወቁ ነው። አርዶ ሥጋውን በመደብ የሚሸጠው ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል።

"አንተ ልጅ" አልሁት፣ "የነገሥታት ታሪክ ስትቀድስብኝ ከምትውል፣ የእርሻ በሬ ለሥጋ አይሸጥም ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"አላወቅሁትም፣ እሜቴ። አሁን ከእርስዎ ሰማሁት።"

ሸህ አብዱልወሃብ ሳቁን በጢሙ ሸሸገ።

ነገር ግን በአንድ ቃል የምረታ አይደለሁም። "ደግ፤ ዋጋው ከወርቁ ይበልጣል እንበል። ታዲያ ለምን አንተ አትገዛኝም?"

"በወርቁ ዋጋ ብገዛዎት ሌባ ነኝ። በሚገባው ዋጋ እንዳልገዛ ደሞዜ አይደርስም።"

"ስለዚህ የሚገዛ የለም።"

"እዚህ የለም። አዲስ አበባ ይህን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ እጽፍላቸዋለሁ። መልሳቸው ግን እስከ ሰኔ አይደርስም፤ ይህንን አልዋሽዎትም።"

"በሬው የሚያስፈልገኝ ዛሬ ነው!"

"የበሬውን ዋጋማ ይዘውት ቆመዋል" አለና ወደ እጄ አየ።

በሁለት እጄ የብር አንባር፣ በአንገቴ የጠገራ ድሪ ነበረብኝ። አርባ ዓመት የደብራችንን የቤተ ልሔምን ደጀ ሰላም የተሳለምሁት በእነዚያ ነው፤ ሴቶቹ መንገድ የሚለቁልኝም ለእኔ ይሁን ለጌጤ አላውቅም።

"አራቁተህ ልትሸኘኝ ነው?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠገራው ሁሉ የአንዲት የፈረንጅ ንግሥት መልክና አንድ ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው የታተመበት፤ አንዱ ቢቀልጥ በየቤቱ ሺህ አለ። አንባሩንም ነገ እንደገና ያሠሩታል። ጥሬ ብርና ጥሬ ወርቅ የሚቀመጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ የትም ገበያ ቢወስዱት ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛ አለ። የአባትዎን እፍኝ ግን አንድ ጊዜ ካቀለጡት የሚመልሰው የለም።"

ወደ ሸህ አብዱልወሃብ ዞርሁ። "አንተስ ምን ትላለህ? ለኪስህ ሳይሆን ለእኔ ተናገር።"

"ለኪሴ ወርቁ ይሻለኛል" አለ። "ልጁ ግን እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት አቅልጫለሁ፤ ቀልጦ የተመለሰ ንጉሥ አላየሁም።"

አንባሩ በቀላሉ አልወጣም፤ ሸህ አብዱልወሃብ እጄን በሳሙና አሽቶ ነው ያወጣው። ከነድሪው መዘነው። በከፈለኝ ገንዘብ ያንን ከሲታ በሬ ገዛሁ፤ በሰኔም በራሴ ጥማድ አሳረስሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ባዶ እጄን ሄድሁ። የአስማረ እናት ዓለሚቱ፣ "ምነው፣ ሌባ ገባብሽ?" አለችኝ።

"ገባብኝ" አልኋት። "አንቺ የወለድሽው።"

አስማረ የጻፈላቸው ሰዎች የመጡት በሁለተኛው ዓመት፣ ከመኸር በኋላ ነው። አንዱ በአጉሊ መነጽር ሲያገላብጥ ዋለ። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ሆኑ፤ አራቱ ግን እምብዛም ያልተገኙ ናቸው አለ። ለአራቱ ብቻ በሬና ጊደር የሚገዛ ገንዘብ ሰጠኝ፤ የንጉሡንም ስም አንብቦ ነገረኝ። የቀሩትን አልሸጥሁም። በገንዘቡ ከሸህ አብዱልወሃብ ጥሬ ወርቅ ገዛሁ፤ ምልክትም ንጉሥም የሌለበት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሳላዝን የምሸጠው። አንባር አላሠራሁም፤ ሴቶቹ አሁንም መንገድ ይለቁልኛል።

ይህን የምናገረው በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ማረሻ ስንት ነገር እያወጣ፣ ስንቱ ወናፍ ሥር እንደሚገባ ስለማውቅ ነው። ያገኛችሁትን አትፈትጉ፣ ለጌጥ ብላችሁ አትብሱ፣ ለሚያውቅ ሳታሳዩም አታስቀልጡ። ሲቸግራችሁ በሚዛን የሚሸጠውን አስቀድማችሁ ሽጡ፤ ሌላው ዐዋቂው እስኪመጣ ይቆይ። ጥማድ በሬ ላለው ሰው ይህ ከባድ ትምህርት አይደለም። እኔ ሰባ ዓመት የፈጀብኝ ጠያቂ ስላልነበርሁ ነው።