ዛሪ የማን ነው?

የበቆሎ ኩትኳቶ ባለቀበት ሰሞን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ድንገተኛ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ካለው አሮጌ የሻይ ቅጠል መረከቢያ ዳስ ገባሁ። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ተጠልለዋል። አንደኛው አዛውንቱ ፓርሜን ናቸው። በእኛ አውራጃ በጉሪያ ሰው ሲሞት ወንዶች በሦስት ድምፅ የሚያዜሙት ቃል የሌለው ዜማ ዛሪ ይባላል። የመካከለኛውን ድምፅ አጥርቶ የሚያውቅ ከእርሳቸው በቀር አልቀረም። ሁለተኛዋ በዋና ከተማችን በትብሊሲ ሙዚቃ ተምራ የተመለሰችውና በመንደራችን የሴቶች ማኅበረ ዜማ ያቋቋመችው ናዚብሮላ ናት።

«አባባ ፓርሜን፣ የአባባ ኤርሚሌ ሕመም እንዴት ሆነ?» አለቻቸው። ኤርሚሌ ከፓርሜን ጋር ዛሪ ያዜሙ የነበሩ የመንደራችን አዛውንት ናቸው።

«አሁን ከእርሱ ዘንድ መምጣቴ ነው። ድምፁ ሄዷል። እጁን ብቻ ያወዛውዛል፤ ዜማ የሚመራ ይመስለዋል መሰለኝ» አሉ።

ናዚብሮላ ጠጋ አለቻቸው። «ላስቸግርዎት ነው አባባ። የዛሪን የላይኛውንና የታችኛውን ድምፅ ከአሮጌ ሸክላ ሰምተን ይዘናል። የመካከለኛው ግን አይለይም። እባክዎ ያስተምሩን።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን አራገፉ። «ልጄ፣ ሴት ሙሾ ታወርዳለች፣ ወንድ ዛሪ ያነሳል። አባቶቻችን ያቆሙት ነው። ነገ ደግሞ ሬሳውን እንሸከም ልትሉ ነው?»

«ተሸካሚ ከጠፋ ማን ይሸከመዋል?»

«ከተማ ያስተማሩሽ ምላስ ነው እንዴ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልቆየም። «ወንድ ሞልቷል።»

«የት አለ አባባ? ግማሹ ቱርክ፣ ግማሹ ፖላንድ ነው።»

«ይመለሳሉ።»

«ይመለሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ማን ያስተምራቸዋል?»

እኔ ደነገጥሁ። ለሽማግሌ ሞቱን ማስታወስ ቀላል ነገር አይደለም። ፓርሜን ግን አልተቆጡም።

«ድፍረትሽን ልለፈው። የታችኛውን ድምፅ የሴት ጉሮሮ ከየት ያመጣዋል?»

«የሚኖሩበትን ቤት አባትዎ ከወንዙ ዳር ነቅለው፣ ሳንቃ በሳንቃ አሸክመው ዳገቱ ላይ አልተከሉትም? ቤቱ ያው ቤት አይደለም? እኛም ሦስቱን ድምፅ አንድ ላይ ከፍ እናደርጋቸዋለን። እርስ በርስ ያላቸው ርቀት አይለወጥም።»

«ቤት እንጨት ነው። ዛሪ የሙታን ነው። አንቺ መድረክ ላይ አውጥተሽ ልታስጨበጭቢበት ነው።»

ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «መድረክ ላይ አይወጣም፤ ቃሌ ነው። መንደራችን ሙታኑን በዝምታ እንዳይሸኝ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

ፓርሜን ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ መምህር፣ ምን ትላለህ?»

«ልማዱ የቆመው ለሟቹ ክብር ነው ወይስ ለዘማሪው ጢም?» አልኋቸው።

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ዝናቡ ሲያባራ ተሰናብተውን ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ኤርሚሌ ሞቱ። በቀብሩ ዕለት እኛ ወንዶች ባርኔጣችንን አውልቀን በግቢው ቆምን። ውስጥ ሚስታቸው በሬሳው ራስጌ ሙሾ ታወርዳለች። ፓርሜን ወደ ፊት ራመድ ብለው ዛሪውን አነሱ። የተቀበላቸው የለም። ዛሪ ያልተማሩት ጎልማሶች ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። አዛውንቱ አቋርጠው እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም ብቻቸውን ቀሩ። ናዚብሮላና ጓደኞቿ በረንዳው ላይ ነበሩ። ዜማውን ያውቁታል፣ ግን አልተፈቀደላቸውምና አንዷም አፏን አልከፈተችም። ናዚብሮላ የሻሿን ጫፍ ነክሳ እንባዋ ይወርዳል።

ፓርሜን ወደ በረንዳው ዞሩ። «እናንተ ሴቶች፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ሰውዬው እኮ መንገድ ሊሄድ ነው!»

የላይኛው ድምፅ ተነሳ። ከሥሩ የታችኛው ገባ። አዛውንቱ ድምፃቸውን ከለመዱት ከፍ አድርገው መካከል ላይ ተቀላቀሉ። ውስጥ ሙሾው ቆመ፤ የኤርሚሌ ሚስት ታዳምጥ ጀመር።

ከቀብር መልስ በማዕዱ ላይ ፓርሜን እንደ ልማዳችን በዳቦአቸው ላይ ለሟቹ ጥቂት ወይን አፈሰሱና ናዚብሮላን ጠሯት።

«ልጅ ሳለሁ ዜማው ሲጠፋኝ፣ ጓዳ ሆና በቆሎ እየፈለፈለች የምታቀናኝ እናቴ ነበረች። ይኸው እስካሁን የማዜመው እሷ ያቀናችውን ነው። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ በደጅ አላዜመችውም። ዛሬ ትዝ ስትለኝ አፈርሁ። ነይ፣ የማውቀውን ውሰጂ።»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ያስተምራሉ። «ምን ተገኘበት?» ለሚለኝ ሰው የማየውን እነግረዋለሁ። ማንም ያለ ዛሪ አይቀበርም። ባሎቻቸው በሰው አገር ቀርተው በር ዘግተው ይውሉ የነበሩ ሴቶች አሁን ይጠያየቃሉ፤ አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ላሟን ያልቡላታል። ለለውዝ ለቀማ ከቱርክ የተመለሰ አንድ የመንደራችን ጎልማሳ የአዳራሹ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ሰንብቶ የታችኛውን ድምፅ ከሴቶቹ ተማረ። ልማድ በወራሽ እንጂ በዘበኛ አይኖርምና፣ ሽማግሎቻችን በራቸውን ለልጆቻቸው ሁሉ፣ ለሴቶቹም ቢከፍቱ ይበጃል።

በቀደም ትምህርቱ ሲያበቃ ፓርሜን ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «የእኔ ቀን ሲደርስ መካከለኛውን አንቺ ያዢው። ታዲያ ማብቂያው ላይ አትቸኩዪ፤ ዛሬም ቸኩለሻል» አሏት።

ናዚብሮላ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እንግዲያው ይቀመጡና ማብቂያውን እንደገና ይስሙን» አለቻቸው።

ባርኔጣቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ።