ሚዛን ከትራክተሩ ሲወርድ

ሚዛን የሚሉት ሰውዬ መንገድን የሚያውቃት ካለፈች በኋላ ነበር። የእህቱ ባል ትራክተር ከፊቷ ባለው አካፋ ድንጋይ ባነሳች ቁጥር ኋላዋ ይቀላል። ጎማዎቿ መሬት እንዳይለቁ ታዲያ አንድ ከባድ ሰው ከጀርባዋ መቀመጥ ነበረበት፤ በሰፈሩ ደግሞ ከእሱ የሚከብድ አልተገኘም። ከሾፌሩ ኋላ በተዘረጉት ሁለት የብረት ክንዶች ላይ ሳንቃ አጋድሞ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይጓዛል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶች ናቸው፤ እሱም አልተቀየመም። «ትራክተር ይገዛል፤ ሚዛን ግን ይወለዳል» እያለ ይኮራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ጭነው ሲመለሱ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ ሻንጣዋን የምትጎትት ወጣት በመንገዱ ዳር አለፉ። ፊቱ ወደ ኋላ ነውና ያወቃት እሱ ነው፤ ከተማ ሄዳ ብየዳ የተማረችው የእህቱ ልጅ ነበረች።

«አቁም! ኧረ አቁም፣ ልጅህን ጥለሃት ሄድክ!» ብሎ ጮኸ።

ሞተሩ ያጓራል፤ አባትየው አልሰማም። ሚዛን ደጋግሞ ጮኸ፣ ሳንቃውን በቡጢ ደበደበ። ትራክተሯ የቆመችው ዳገቱን ጨርሳ ነው። ልጅቷ እያለከለከች ደረሰች።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? አሁንም እዚያ ላይ ነዎት?»

«የት ልሂድ? ሥራዬ መቀመጥ ነው። አንቺ ተምረሽ ያላገኘሽውን ሥራ እኔ ሳልማር አገኘሁት» አለና ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ከጉልበቱ አጠገብ ያለውን ትልቅ ጎማ ዓየች። ማታ ራት ቀርቦ ሁሉም እንደ ተቀመጠ ነገሩን አነሳችው።

«አጎቴ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል። በእርስዎ ፋንታ ከሲሚንቶና ከጠጠር ክብደት ሠርተን ከትራክተሯ ኋላ እንስቀል።»

የሚዛን እጅ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። «በድንጋይ ልትተኪኝ ነው?»

ሰው ልማዱን አልለቅም የሚለው ሁልጊዜ ልማዱ መልካም ስለ መሰለው አይደለም፤ አንዳንዴ ክብሩ ከልማዱ ጋር ስለ ታሰረ ነው። ሚዛን ከእህቱ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው ነው። በዚያ ማዕድ ዙሪያ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚቀመጠው፣ ያለ እሱ ትራክተሯ ሥራ እንደማትሠራ ሁሉም ስለሚያውቅ ነበር። ያቺ ሳንቃ ከሄደች ምን ሆኖ ሊቀመጥ ነው?

«አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ወደ ባለ ትራክተሩ ዞረ።

«እኔን አታስገቡኝ። ካንተ ጋር ተጣልቼ ከእህትህ እጅ ራት ልበላ?»

ሚዛን ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሺ፣ አንቺ የተማርሽው፣ ልጠይቅሽ። ድንጋይ ዓይን አለው? እኔ ከኋላ ጉድጓድ ባይ፣ ግንብ ባይ፣ ‹ቁም› እላለሁ። ሲሚንቶሽ ‹ቁም› ይላል?»

«አይልም። ግን አጎቴ፣ ዛሬ እኔን ሲያዩ ስንት ጊዜ ጮኹ?»

አባትየው ቀስ ብሎ «ምንም አልሰማሁም እኮ» አለ።

«እንግዲህ ያ ጩኸት የድረሱልኝ ጩኸት ቢሆንስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ክብደት የሌለው ሰው የለም፤ ሲሚንቶም ክብደት አለው። ዓይን ያለው ግን ሰው ብቻ ነው። እኛ ዓይንዎን ከማይጠቅምበት ቦታ አስቀምጠን በክብደትዎ እንሠራለን። ከፊት ሆነው፣ አባቴ እያየዎት፣ በእጅዎ መንገድ ቢያሳዩትስ?»

«እሱ በጉንፋን ሲተኛ ሥራው መቆሙንስ ለምን አልጠቀስሽም?» አለች እናትየው ከጓዳ እየሳቀች።

ሚዛንም ሳይወድ ፈገግ አለ። «ሥሩት እንግዲህ። ሲሰበር አብረን እናያለን።»

በማግስቱ ከሳንቃ ሣጥን ሠሩ፤ ሲሚንቶው እንዳይጣበቅ ውስጡን በተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ልጅቷ ከታች ወፍራም ብረት አሳልፋ ጫፎቹን በግራና በቀኝ አስወጣች፤ የትራክተሯ ክንዶች የሚይዙት እነዚያን ነው። ከላይ ከትራክተሯ ለሚመጣው ማሰሪያ ሁለት የብረት ጆሮ በየደች፤ ሁሉንም ከውስጥ በፌሮ አያያዘች። ሣጥኑን በሁለት ግንዶች ላይ አስቀመጡትና አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ አቡክተው ሞሉት፤ አየር እንዳይቀር በእንጨት ወጋጉት። በመጨረሻ በእርጥብ ጆንያ ሸፈነችውና ለአጎቷ ባልዲ ሰጠችው።

«ጠዋት ማታ ያጠጡት።»

«እንዲደርቅ አይደል የምንፈልገው? ችግኝ ነው እንዴ?»

«ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ አይደለም አጎቴ፤ ውሃውን እየጠጣ ነው። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ሳምንታት ይፈልጋል።»

ሚዛን ሲያጉረመርም ከረመ፤ ማጠጣቱን ግን አንድ ቀን አልዘለለም። ሰዎች «ችግኙ ጸደቀ?» እያሉ ሲያሾፉበት «ገና ሥር እየሰደደ ነው» ይላቸው ነበር።

ቀኑ ደርሶ ሣጥኑ ተፈታ፤ ትራክተሯ ወደ ኋላ ተጠግታ ክብደቱን አነሳች። አካፋዋን ድንጋይ ሞሉ። ጎማዎቿ መሬቱን ይዘው ቀሩ፤ እንዲያውም ሚዛን ተቀምጦባት ከምትረጋው በላይ ረጋች። ሚዛን እጁን አጣምሮ ዳር ቆሞ ዓየ፤ ደስ አላለውም።

ከግቢው በር ላይ ግን አባትየው ወደ ኋላ ሲያዞር የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባ። ትራክተሯ ተንሸራተተች፤ ከኋላዋ የተሰቀለው ሲሚንቶ ከግንቡ ጋር ተላተመ። ሁሉም ሮጠው ደረሱ። የተጎዳ ሰው የለም፤ ከሲሚንቶው አንድ ጥግ ብቻ ተሸርፏል።

ሚዛን ጎንበስ ብሎ የተሸረፈውን ቦታ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ሳይታወቀው ያው እጁ ወደ ጉልበቱ ሄደ፤ ሳንቃው ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ የሚውለው እዚያው ከፍታ ላይ ነበር።

«አጎቴ፣ ጥግ ነው፤ በትንሽ ሲሚንቶ ይደፈናል» አለች ልጅቷ።

«አትድፈኚው» አለ። «የእኔ ቢሆን ግን በምን ይደፈን ነበር?»

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ትራክተር ላይ ከሾፌሩ በቀር ማንም አይቀመጥም። አካፋዋ ከአቅሟ በላይ አትጫንም፤ ክብደቱም ጭነት በሌለ ጊዜ ወርዶ ግንዶቹ ላይ ያርፋል። ሚዛን ቢታመም ሥራ አይቆምም፤ ጎረቤቶችም መጥተው ሣጥኑን ተውሰው የራሳቸውን ሠርተዋል። የሚያሠራቸው ሚዛን ራሱ ነው፤ የሚቸኩል ካገኘ «አጠጣው እንጂ!» ብሎ ይቆጣል።

ትራክተሯ ስትመለስ ያየ ሰው አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። ከፊቷ ራቅ ብሎ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ የሚመጣውን መንገድ እያየ ይሄዳል።

«ሚዛን፣ ቦታህን ለድንጋይ ለቀቅህ?» ይሉታል።

«ለቀቅሁለት» ይላል። «እሱ ጉልበት የለውም።»