ጋሽ መሸሻና የካርድ ክፍሉ ኮምፒዩተር

በ1980 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮልፌ ፌርማታ ቆሜ ደመናውን እያየሁ ሐሳብ ይዞኝ ሳለ፣ ጎረቤቴ ጋሽ መሸሻ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። በአንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ በዚያው ክፍል የምትሠራው ሰብሌ ደረሰች።

«እንዴት አደሩ ጋሽ መሸሻ?»

«ወንበሩን ለማሽን ያስረከበ ሰው እንዴት ያድራል?» ወደ እኔ ዞሩ። «ይህች ኮምፒዩተር ተምራ መጣች። ሐኪሞቹ እሷን በስሟ ይጠሯታል፤ እኔ ‹ሽማግሌው› ሆኛለሁ።»

ቅናት ሥራውን የሚወድን ሰው ይበልጥ ያንገበግበዋል።

«ዛሬ የካርዱን አደራደር እንዲያስረዱኝ ታዟል» አለች ሰብሌ በትሕትና።

«አላስረዳም። በየሰፈሩ፣ የአስኮውን ከአስኮው፣ የኮልፌውን ከኮልፌው ነው የደረደርኩት። ‹ዕድርህ የት ነው?› ብዬ ካርዱን እስበዋለሁ። ማሽንሽ ይህን ትጠይቃለች?»

«አትጠይቅም፤ ቁጥር ይበቃታል።»

«አየህ፣ ሰው ቁጥር ሆነ። መብራት ሲጠፋስ?»

«ካርዱን እኮ አንጥለውም፤ በዚያው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ይቆያል። ሰፈር የለወጠ ሰውስ? ባለፈው እርስዎ ለቅሶ ሄደው ሳለ እትዬ አጸደ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። ኮልፌ ገብተዋል፤ ካርዳቸው ግን የአስኮው መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። የማይስማማቸው መርፌ የተጻፈው እዚያ ላይ ነበር።»

አጸደ የጋሽ መሸሻ ባለቤት እኅት ናቸው። ጋሽ መሸሻ ድምፃቸው ቀነሰ።

«ተወጋች?»

«መርፌው ተቀድቶ ሳለ ልጃቸው ደርሳ አስጣለች።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«‹መሸሻ በካርዱ እንደ ሚስት ይቀናል፤ ባልነግረው ይሻላል› አሉን። ጋሽ መሸሻ፣ እርስዎ ጡረታ ሲወጡ በሽተኛውም አብሮዎት ጡረታ ይወጣል?»

አውቶቡሱ መጣ። ጋሽ መሸሻ ተሳፈሩ፤ ጥቂት እንደሄድን አጠገባቸው ያለውን ቦታ ለሰብሌ አመለከቷት።

«ነይ ተቀመጪ። ማን ከየት ወዴት እንደሄደ እኔ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ጻፊ።»

«እኔም የምለምንዎት ይህንኑ ነበር። ያለ እርስዎ ማሽኗ ባዶ ሣጥን ናት።»

ከወራት በኋላ ለሕክምና ሄድኩ። ሰልፉ አጥሯል፤ ሐኪሙም መርፌ ከማዘዙ በፊት የበሽተኛውን ታሪክ ያያል። ዕውቀት ሲካፈል እንደማያንስ ያየሁት ያኔ ነው። ካርድ ክፍል ግን ሰብሌ፣ ኮምፒዩተር ለመማር ለመጣችው ለአዲሷ ሠራተኛ ለዱሬቲ ወንበሩን መልቀቅ ከብዷት ፊቷ ጠቁሯል።

«ልቀቂላት ልጄ» አሏት ጋሽ መሸሻ። «የሚያመው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።»