በልደት ሰሞን የአውሬ ቆዳ የለበሱት በያጅ

ወዳጅ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሙያ ባልደረቦች፣ ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ የወንድሜን የሕይወት ታሪክ በትዕግሥት አድምጡኝ፤ የማነብላችሁ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ነገር ግን ሟቹ ራሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ «አሳምረሽ ካነበብሽው ሳጥኑን ከፍቼ እነሣብሻለሁ» ብለው ስላስጠነቀቁኝ፣ የሆነውን እንደሆነው አነባለሁ።

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ መዶሻ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ልጅ የሚቀጡት ጥፋቱን እስኪያውቅ ሳይሆን የራሳቸው ክንድ እስኪዝል ድረስ ስለነበር፣ ወንድማችን ከፊደል በፊት ዱላን ለዩ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሒሳብ እንደ ውኃ እየጠጡ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከዘለቁ በኋላ፣ አንድ መምህር በማስመሪያ ጣታቸውን ቢመቷቸው ማስመሪያውን ነጥቀው በመምህሩ ግንባር ላይ ሰበሩትና ትምህርታቸው በዚያው ተቋጨ።

ከዚያም ብየዳ ተምረው፣ ለዓመታት በሰው ቤት ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ የራሳቸውን የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ከፈቱ። «የጋሼ መዶሻን በር ሌባ አይሞክረውም» እስኪባል ድረስ ሥራቸው የተመሰገነ ነበር። ሠራተኛ ግን አይበረክትላቸውም። ጥርሱን ያጣ ረዳት አለ፤ ዋጋ ይቀንሱልኝ ብሎ የተከራከረ ደንበኛም አንገቱን ተይዞ ከገዛ በሩ ጋር ተላትሟል። ኧረ ስንቱ! ዛሬ ከመካከላችሁ አንገታችሁን የምትነቀንቁት ታውቁታላችሁ።

በዚሁ ጊዜ ዛሬ እዚያ ከዛፉ ሥር የቆሙትን ልብስ ሰፊ አግብተው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሚስታቸውን አይወዱም ነበር የሚል ካለ ዋሽቷል፤ አይመቱም ነበር የሚልም ዋሽቷል። ልጃቸው ጎርመስ ብሎ በሥራ ሊያግዛቸው በጀመረ ጊዜ፣ በልደት በዓል ዋዜማ የበር ማጠፊያ ገልብጦ ቢበይድባቸው፣ በእጃቸው በነበረው ፌሮ ግራ ክንዱን መቱትና አጥንቱ ለሁለት ተሰበረ። እናቱም የበዓሉን ድስት እሳት ላይ እንደተጣደ ትተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ያ ድስት አርሮ፣ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ፣ ወንድማችን ብቻቸውን ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ በዓሉ በመጣ ቁጥር ባዶው ቤት ስለሚያንቃቸው፣ ሌላው ዓለም ልደትን እንዴት እንደሚያከብር ለማየት ባሕር ማዶ መጓዝ ጀመሩ። በአንዱ አገር የፈረስ የራስ ቅል በእንጨት ላይ ሰክተው፣ ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ ግጥም እየገጠሙ ደጅ የሚያንኳኩ ሰዎችን፣ በሌላው ደግሞ ቤት የሚያህል የገለባ ፍየል አይተው ተመለሱ። ልባቸውን ጥለው የመጡት ግን በአንዲት የተራራ መንደር ነው። በዚያች መንደር ጎልማሶች ቀንዳም የእንጨት ጭምብል አጥልቀው፣ የፍየል ቆዳ ለብሰው፣ ወገባቸውን በትልልቅ የብረት ቃጭል ታጥቀው፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ባቱን በአርጩሜ ይገርፋሉ፤ ተገራፊውም ይስቃል። ወንድማችን ይህን ሲያዩ «እኔንስ የፈጠረኝ አምላክ አገር ተሳስቶ ነው» አሉ።

የተሰነጠቀ ቃጭል በይደው ስላዳኑላቸው የመንደሩ ሰዎች ወደዷቸውና፣ በተከታዩ ዓመት እርሳቸውንም ቆዳ አለበሷቸው። ሕጉንም አስረዷቸው፤ ልጅ መጥቶ የአውሬውን ቆዳ ከያዘ፣ አውሬው አርጩሜውን ጥሎ ይንበረከካል፣ ልጁም ጭምብሉን ያወልቅለታል። በሕፃን መወለድ አውሬው ተሸነፈ፤ የበዓሉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ወንድማችንም «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። ምኑ ገብቷቸው!

የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቶ፣ ዳቦ ጋጋሪውንም ፖስተኛውንም አርጩሜ እያቀመሱ ሲወርዱ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ከእናቱ እጅ አምልጦ ከኋላቸው ቆዳውን ጨምድዶ ያዘ። መንበርከክ ሲገባቸው እጃቸው የለመደውን አደረገ፤ ዞር ብለው በሙሉ ክንዳቸው ሰነዘሩ፤ አርጩሜውም የልጁን ጉንጭ ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ሰነጠቀው። ደሙ በረዶው ላይ ሲንጠባጠብ ቃጭሉ ሁሉ ቀጥ አለ። ከዚያም አውሬዎቹ በሙሉ ወደ እርሳቸው ዞሩ፤ ጭምብላቸውን ገንጥለው ጣሉና በጫማና በዱላ ጎድናቸውን ሰባበሩት። ካደጉ ወዲህ ተመትተው ያልመለሱበት ቀን ያ ብቻ ነው። ምነው ብዬ ስጠይቃቸው «ልጁ በእናቱ ቀሚስ ተሸጉጦ ሲያየኝ አየሁት፤ ያ ዓይን የኔው ቤት ዓይን ነው» አሉኝ።

ወደ አገራቸው እንደተመለሱ፣ ጎድናቸው ሳይጠግግ ልጃቸው ወደሚሠራበት መድኃኒት ቤት ሄዱ፤ ልጁ ክንዱ ጠሞ ስለቀረ ብየዳውን ትቶ የመድኃኒት ባለሙያ ሆኗል። «ልጄ» ብለው ቢጠሩት፣ ቀና ሳይል «መድኃኒት ከፈለጉ ወረፋ ይያዙ» አላቸው። አባቱን እንደ ባዕድ «እርስዎ» ማለቱ ከፌሮም በላይ እንደሚያም የሰማ ያውቀዋል። ሰልፍ አፍርሰው በትከሻቸው የሚገቡት ጋሼ መዶሻ ግን ወረፋ ያዙ፤ ተራቸው ሲደርስ ማስታገሻ ገዝተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየሳምንቱ ሲመላለሱ ልጁ «ከምግብ በኋላ ይዋጥ» ከማለት በቀር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ እርሳቸው ግን ሰፈር ሲመለሱ «ዛሬ ልጄ አነጋገረኝ» ይሉን ነበር። እኛም «ጎሽ» እንላቸው ነበር።

የተሰበረው ጎድን ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ ደም እያሳላቸው አልጋ ያዙ። ከሰልፉ መጥፋታቸውን ያየው ልጃቸው መድኃኒቱን ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጣ፤ በራስጌያቸውም ቆሞ «ይቅር አላልኩዎትም፤ መድኃኒትዎን ግን በሰዓቱ እሰጥዎታለሁ» አላቸው። «ከዚህ በላይ ብጠይቅ ነውር ነው» አሉት። ቃሉንም አላጠፈም፤ እያዋጠ፣ ደሙን እየጠረገ አስታመማቸውና በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በዚያው ልጅ እጅ ላይ አረፉ። ገላቸውንም ለማንም አላሳጠበም፤ በዚያ በጠመመ ክንዱ እየደገፈ ራሱ አጠባቸው።

ጋሼ መዶሻ ወንድና ሴት ልጃቸውን፣ ታቅፈዋቸው የማያውቋቸውን ሁለት የልጅ ልጆች፣ የልጆቻቸውን እናትና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው ዛሬ ጧት «ይቅር ብሎታል ብለሽ እንዳታነቢ» ብሎኛልና፣ አላነበብኩም። ከቀብር መልስ ልጁን ከበባችሁ «እንግዲህ ሞቷል፣ ይቅር በለው» ልትሉ ያሰባችሁ ሽማግሌዎች ካላችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ተዉት፤ የሰጠው ይበቃል። የወንድሜን ነፍስ፣ እኛ ያልቻልነውን የሚችል አምላክ ይማርልን።