ሞተሯ የማይጠፋው መኪና

አባቴ በበረሃው መንገድ ድሬዳዋ የምታመላልሰን ያገለገለች ካትካት፣ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ፈልጎ፣ ሆዳን ሰፈር አንድ ሻጭ ጋ ይዞኝ ሄደ። ስንደርስ ትልቋ መኪና ሞተሯ ተነስቶ፣ ኤሲዋ እየነፈሰ ጠበቀችን። «በዚህ ሙቀት እንዳትቃጠሉ ብዬ ነው፤ ግቡ ሐጂ» አለ ሻጩ። ቀዝቃዛ ውሃም ሰጠን። አባቴ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» አለኝ። እኔ ግን ጠረጠርኩ። አባቴ ኮፈኑን ክፈት ሲለው እንኳ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የከፈተው።

ትልልቅ ሰዎች ፊት መናገር አፍራለሁ። አባቴ ቀብድ ሊሰጥ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ግን በረሃ መሃል ቆመን ስንቀር ታየኝ። መኪናዋ ውስጥ ከተቀመጥኩበት ተንጠራርቼ፣ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁት።

«አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?» ብሎ ሻጩ ጮኸ።

«አባ፣ እንደገና ያስነሳት» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ሻጩ ቁልፉን ቢያዞረው መኪናዋ ዝም አለች። ጥላ ስር ጫት የሚቅሙት ጎረቤቶቹ ማንም ሳይጠራቸው ተነስተው መጡና ሊገፏት ከኋላዋ ቆሙ። አንዱ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ «ዛሬም?» አለ።

አባቴ ባዶ እጁን ከኪሱ አወጣ። «ለውሃው እናመሰግናለን» አለው።