የኦቦ ቶሎሳ ከብቶችና የጓዶች መዋኛ

ከአምቦ በላይ ጋራው ላይ አንድ የባላባት ቪላ ነበር፤ እኔ ዘበኛው ነኝ። ከብቶቻችን ሲጠጡት የኖሩት ሆራ፣ ያ ጨዋማው የምንጭ ውሃ፣ ግቢው ውስጥ ቀርቶ መዋኛ ተሠርቶበታል። የመሬት አዋጁ ሲወጣ አጥሩ ይፈርሳል ብለን ነበር። ባላባቱ ሄደ፣ ቪላው የጓዶች ማረፊያ ሆነ፣ አጥሩ ግን እንደቆመ ቀረ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ከብቶቹን ነድቶ በሩ ድረስ መጣ። የእኔም ላም አብራ ነበረች። «ሆራ ካጡ ከርመዋል፤ ሁለቱ ጨነገፉብኝ፤ አስገባኝ» አለኝ። ሳላስፈቅድ አልችልም ብዬ ገባሁና መዋኛው ውስጥ ላሉት ጓድ ነገርኳቸው።

«እኛ መቼ ከለከልን? ባለቤቱ ሕዝቡ ነው» አሉኝ ጀርባቸውን እያሹ። «ታጥበን ስንወጣ ገብተው ይጠጡ።»

ደግ መልስ መስሎኝ ፈጥኜ ወጥቼ ነገርኩት። ኦቦ ቶሎሳ፣ «በምንድን ነው የሚታጠቡት?» አለኝ።

«በሳሙና።»

«እንግዲያ እነሱው ይጠጡት» ብሎ ከብቶቹን ወደ ቁልቁለቱ መለሳቸው። ሌላው ሆራ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ላሜም ተከትላው ሄደች፤ አልጠራኋትም።