የእንጨት ጠመንጃ

ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ስለ ቲያትር ሳስተምር፣ «የድሮ ተመልካች ከመድረኩ ጋር ይሟገት ነበር፤ የዛሬው ግን ሠልጥኗል፤ ዝም ብሎ አይቶ ያጨበጭባል» እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና ባልደረቦቼ ስለ ደም መመላለስ የጻፍሁትን ቲያትር አሳየን። ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ ሠራተኞች የትምህርት ቤቱን ግቢ ሞልተውታል። የወንድሙን ደም የሚመልሰውን ሰው የሚጫወተው የስፖርት መምህራችን ነው። የእንጨት ጠመንጃውን ገዳዩ ላይ ደግኖ ሊተኩስ ሲል፣ ከተመልካቹ መካከል አንድ ሽማግሌ አጫጅ ብድግ አሉና «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ።

የስፖርት መምህሩ ባለበት ደርቆ ቀረ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ «ተኩስ እንጂ! ቲያትር እኮ ነው!» እላለሁ። «በሕግ አምላክ ተብዬ? ምን ነካህ አንተ!» አለኝና ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠው። ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ያጨበጨበ አንድም ሰው የለም።

ሕዝቡ ሲበተን ሽማግሌውን ተከትዬ፣ «አባቴ፣ ቲያትር መሆኑን አላወቁም ነበር?» አልኋቸው።

«ማወቁንማ አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ግን ዛሬ በውሸቱ ዝም ካልን፣ ነገ በእውነቱ ማን ይጮሃል?»